ጣና ላይ ማን ነው የሚቀዝፈው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለዚያች የውጭ አገር ወጣት ቀዛፊ በስፖርት ገጻችሁ ያወጣችሁትን አነበብኩ። ከሰፈሯ የታዳጊዎች ክለብ ተነስታ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ መድረሷን እሰየው ብያለሁ። የልፋቷን አግኝታለች። ያልተዋጠልኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጋችሁት አረፍተ ነገር ነው፤ ኢትዮጵያ የቀዘፋ ባህል ስለሌላት እንዲህ ያለ ወጣት ማፍራት አልቻለችም የሚለው።

የቀዘፋ ባህል የሌላት! ጋዜጠኛው በአውሮፕላን ባሕር ዳር ሲያርፍ በመስኮቱ ምን እንዳየ ባውቅ ደስ ይለኛል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ ኩሬ መስሎት ይሆን? የሚያስቀው ደግሞ በዚያው እትም የቱሪዝም ገጽ ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ፎቶ አለ። ከሥሩ «ጥንታዊው የጣና ታንኳ» ይላል። ስለሚቀዝፈው ሰው አንድ ቃል የለም። ለጌጥ ሲሆን አለን፤ ስፖርት ሲወራ የለንም።

እኔ ጣና ዳር ከሚኖረው ሕዝብ፣ ከነገደ ወይጦ ነኝ። አባቴ ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ በገመድ ጠፍሮ ታንኳ ይሠራ ነበር። (ደንገሉም አሁን ሳስቷል። ዳር ዳሩን እርሻና ግንባታ ይዞታል፤ እምቦጩም አለ። እሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል።) ታንኳ ውሃ ትጠጣለች። ዘጌ ደርሳ ስትመለስ ክብደቷ ሌላ ነው። ዳር አውጥተው ፀሐይ ካላስመቷት ለነገ አትሆንም። እንዲህ ያለችውን ይዞ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን የጣና ነፋስ የሚያልፍ ልጅ፣ ክንዱም ወገቡም የተፈተነ ነው።

በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የውድድሩ ቀዛፊ ጀርባውን ለመድረሻው ሰጥቶ ይቀመጣል። ወንበሩ ይንሸራተታል፤ ጉልበቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከእግሩ ነው። ኦሎምፒክ ላይ የተለመደው ርቀት 2,000 ሜትር ነው። የእኛ ልጅ ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ነው የሚቀዝፈው። መቅዘፊያውም ታንኳዋ ላይ አልታሰረም፤ በእጁ ነው። ስለዚህ ነገውኑ ሜዳሊያ ያመጣል አላልኩም። የጎደለው ግን ባህል አይደለም። የጎደለው እናንተው ስለ ልጅቷ ስትጽፉ አንድ በአንድ የቆጠራችሁት ነው፤ ክለብ፣ አሠልጣኝ፣ ጀልባ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት እንግዳ ሲቀበል የእህቴን ልጅ ታንኳ እንዲቀዝፍ ጠሩት። አዲስ ቲሸርት አለበሱት፤ ፎቶ አነሱት። እንግዶቹ ሲሄዱ ቲሸርቱን መልስ አሉት። ልጁ ቀዘፋ የሚማርበት ቦታ ይኖር እንደሆነ ብጠይቅ፣ ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አየውና «ይሄ እግር እኮ የሩጫ ነው» ብሎኝ እርፍ።

እሺ፣ ሩጫም ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ የቀዘፋ ዓይነት አለ። ተወዳዳሪው አሸዋ ላይ ሮጦ ጀልባው ውስጥ ይገባል። ቀዝፎ ይመለሳል፤ ወርዶ ደግሞ ይሮጣል። ሯጭ ለሞላበት አገር ከዚህ ወዲያ ምን ይምጣለት? ይህን ግን ስፖርት ገጻችሁ ላይ አላየሁትም። ቦታ ጠቧችሁ ይሆናል።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ፊት ገጽ ላይ አላልኩም፤ ጥግ ላይም ይበቃናል። ጋዜጠኛውንም ላኩት። ነፋሱ ሳይነሳ በጠዋት ታንኳ ላይ እናወጣዋለን፣ መቅዘፊያውንም እንሰጠዋለን። የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ግን ራሱ ይዞ ይምጣ፤ እኛ ጋ የለም።

የታንኳ ሠሪው ልጅ
ከባሕር ዳር