«ባለሙያ ጠፋ» ከማለታችን በፊት ፔሮሉን እንይ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኮምቦልቻና ደሴ ላይ የድርጅት ኃላፊዎች በተገናኙ ቁጥር «ባለሙያ ጠፋ» የሚል እሮሮ ይነሳል። ነገሩ ግር ይላል። የደሴው ወይዘሮ ስህን እና የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ያስመርቃሉ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። ቀጣሪ ሰው አያጣም። የሚያጣው እጁን ያፍታታውን ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት ሠርቶ ማሽኑን ባወቀ ማግስት ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ወይም ዱከም ይገባል፤ ካልሆነም ዓረብ አገር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተሞቻችንን ሲያዳርስና በዚያው ዓመት የአጎዋ (ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የመላክ) ዕድል ሲቋረጥ ብዙ ሰው መበተኑ እውነት ነው። ዛሬም ለእያንዳንዱ መልቀቂያ ያንኑ ምክንያት መስጠት ግን ስንፍና ነው።

አንድ የልብስ ስፌት መካኒክ ሲለቅ ምን እንደሚጎድል እንይ። የአንዱ ማሽን መርፌና ክሩን ከታች የሚይዘው ሁክ የሚገናኙበት ጊዜ (ታይሚንጉ) ሲዛባ ስፌት ይዘላል። አስተካካይ ከሌለ ሥራው እዚያ ማሽን ላይ ይከመርና ከእሱ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። 30 ሰው ያለው መስመር ሁለት ሰዓት ቆመ ማለት 60 የሥራ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚያድነው ሰው ያቀረበው የ1,000 ብር ጭማሪ ጥያቄ ግን ሦስት ፊርማ ሲጠብቅ ይከርማል።

በደመወዝ ብቻ ከአዲስ አበባ ጋር መፎካከር ለአብዛኛው የኛ አካባቢ ድርጅት አያዋጣም። ደመወዝ ሳይነካ የሚስተካከል ነገር ግን ሞልቷል። ከፔሮል፣ ማለትም ከደመወዝ ሒሳቡ እንጀምር። በወር 12,000 ብር የሚከፈለው የጥገና ኤሌክትሪሻን በሳምንት 48 ሰዓት ይሠራል እንበል። 26 ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ 208 ሰዓት ነው፤ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 57 ብር ከ69 ሳንቲም ይመጣል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ይባዛል፤ 100 ብር ከ96 ሳንቲም ይሆናል። አንዳንድ ቦታ ግን ደመወዙ ለ30 ቀን፣ ማለትም ለ240 ሰዓት ይካፈላል። ያን ጊዜ የሌሊቱ ሰዓት 87 ብር ከ50 ላይ ይቀራል። በወር 20 ሰዓት አምሽቶ የሠራ ሰው 269 ብር ጎደለበት። የጎደለበት ሰው ቮልትና አምፔር ሲያሰላ የሚውል መሆኑን ሒሳብ ክፍሉ ይረሳል። በዕረፍት ቀን ማባዣው 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው። ሰዓቱ፣ ማባዣውና ድምሩ ፔይስሊፑ (የክፍያ ወረቀቱ) ላይ ተለያይተው ይጻፉ፤ ጭቅጭቁ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል።

ማስታወቂያውም ራሱ ሰው ያርቃል። «ደመወዝ፦ በስምምነት፤ ዲግሪ፤ የ5 ዓመት ልምድ» የሚል ወረቀት አንብቦ ከአዲስ አበባ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆርጥ የለም። ደረጃ 4 ጨርሶ ሲኦሲ (የብቃት ምዘና) ያለፈ ልጅ ለሚሠራው ሥራ ዲግሪ ከተጠየቀ፣ የሚመጣው ወረቀቱ ያለው ግን ቦርድ ከፍቶ የማያውቅ ይሆናል። በዚያ ላይ የጽሑፍ ፈተና ይሰጠዋል! ይልቅ አንድ የስታር ዴልታ (የትልቅ ሞተር) ማስነሻ ቦርድ አዘጋጁ። የኮንትሮል ፊውዙን በተቃጠለ ቀይሩ፣ ከታይመሩ አንድ ሽቦ ንቀሉ፣ ኦቨርሎዱንም (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚያቋርጠውን መከላከያ) ትሪፕ አድርጋችሁ፣ ማለትም አውርዳችሁ ተዉት። ለተፈታኙ ቴስተርና 45 ደቂቃ ስጡት። መብራቱን ሳያጠፋ እጁን የሚሰድደው ወዲያው ይለያል። ኦቨርሎዱን ሪሴት ብሎ ከሚያልፈው ይልቅ «ይሄ ለምን ወረደ?» ብሎ ሞተሩ የሚስበውን አምፔር ለመለካት የሚጠይቀውን ቅጠሩ።

ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ደግሞ የመጀመሪያ ደመወዙን ሳይቀበል የቤት ኪራይ ቅድሚያ ይጠየቃል። 15,000 ብር አበድሮ በየወሩ 1,500 እየቀነሱ በ10 ወር ማስመለስ ለድርጅቱ ከባድ አይደለም፤ አዋጁ ከሚፈቅደው የወር ደመወዝ ሲሶም በብዙ ያነሰ ነው። በተረፈ ሰርቪስ። ደሴ እየኖረ ኮምቦልቻ የሚሠራ ብዙ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገዱ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ለቢሮ ሠራተኛ ጠዋትና ማታ የሚመላለስ መኪና ከምሽቱ 4 ሰዓት ሽፍት ለሚወጣው ከሌለ፣ ሴት ቴክኒሻን መቅጠር በወረቀት ላይ ይቀራል።

የሽፍት ፕሮግራም የሚያወጣ ሰው ወሎ ውስጥ መሆኑን ባይረሳ ጥሩ ነው። የዓርብ የምሳ ሰዓት ከጁምዓ ሶላት ጋር ካልገጠመ ያ ሽፍት በየሳምንቱ ይሳሳል። በረመዳን ከ12 እስከ 12 በሁለት ሽፍት የሚሠራ ቤት ርክክቡ ልክ አፍጥር ላይ ይወድቅበታል፤ እያንዳንዳቸው 8 ሰዓት በሆኑ ሦስት ሽፍቶች ከሆነ ግን የሁለተኛውን ሽፍት ዕረፍት 20 ደቂቃ ወደዚያ ማዛወር ይበቃል። መስከረም 21 ግሸን የሚሄደውም ፈቃዱን ነሐሴ ላይ ያስመዝግብ። ያለዚያ በሽተኛው በዚያ ሳምንት ይበዛል።

የመጨረሻው ነገር የአሸኛኘት ጉዳይ ነው። ከለቀቀ ሰው የሥራ ልምድ ማስረጃ መያዝ፣ ወይም ዋናውን ዲፕሎማ ማስያዣ ማድረግ፣ ሰው ያስቀራል ብለው የሚያምኑ አሉ። የሚሆነው ግን ሌላ ነው፦ ሠራተኛው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያውን ትቶ አንድ ሰኞ ሳይመጣ ይቀራል፤ ሥራውን ያስረከበው ሰው የለም፤ ወሬው ኮሌጅ ያሉት ጓደኞቹ ዘንድ ይደርሳል። አዋጁ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የያዘ ማስረጃ በተጠየቀ ጊዜ በነፃ እንዲሰጥ፣ የሚገባው ክፍያም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈል ያዛል። 5 ዓመት ያገለገለና የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ሰው በፈቃዱ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ አለው፤ ይህን ለሠራተኛው የሚነግረው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ሠራተኛው ሲለቅ የሚያስፈርመው ክሊራንስ ላይ ያለው የፊርማ ብዛትም ይቀንስ፦ የቅርብ አለቃ፣ መጋዘን፣ ሒሳብና የሰው ኃይል፤ አራት ይበቃል።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ
ከኮምቦልቻ