ከማትላብ ወደ ፓይተን ለምትሻገሩ

ሰላም ለሁላችሁ፣

የማትላብ ኮዳችሁን ወደ ፓይተን እየቀየራችሁ ያላችሁ፣ የማባዣ ምልክቷን (*) ተጠንቀቁ። ማትላብ ላይ ማትሪክሶችን በማትሪክስ ሕግ ታባዛለች። የናምፓይ (የፓይተን የቁጥር ስሌት ላይብረሪ) አሬይ (የቁጥሮች ሠንጠረዥ) ላይ ግን እያንዳንዱን ቁጥር ከአቻው ጋር ብቻ ነው የምታባዛው።

ሞክሩት። የመጀመሪያ ረድፉ 1 እና 2፣ ሁለተኛው 3 እና 4 የሆነ ማትሪክስ በራሱ አባዙ። ማትላብ 7፣ 10፣ 15፣ 22 ይሰጣችኋል። ናምፓይ 1፣ 4፣ 9፣ 16። ስህተት አለ ብሎ የሚጮህ ነገር የለም፤ ክፋቱም እሱ ነው። መፍትሔው በ* ፈንታ @ መጻፍ ነው።

ፓይተን ላይ የቦታ ቆጠራው (ኢንዴክሱ) ከ1 ሳይሆን ከ0 እንደሚጀምር መቼም ታውቃላችሁ።

ኮዱን መንካት የማትፈልጉ ኦክታቭ የሚባለውን ማትላብ መሰል ፕሮግራም እዩት። ነፃ ነው፣ ብዙውን የማትላብ ስክሪፕት እንዳለ ያስኬዳል። የሲሙሊንክ (የማትላብ ሥዕላዊ የሞዴል መሥሪያ) ሞዴል ካላችሁ ግን ኦክታቭ ላይ አይሠራም።