ግልጽ ደብዳቤ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስትር፦ የሞላ ማጣሪያም ውሃ ያወርዳል

ጉዳዩ፦ በስምጥ ሸለቆ ላሉ የፍሎራይድ ማጣሪያዎች መደበኛ በጀት እንዲመደብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፤

በስምጥ ሸለቆ ከመተሐራ እስከ ሐዋሳ ከብዙ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው ውሃ ኩልል ያለ ነው፤ ግን ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር በዝቶበታል። ፍሎራይድ ሽታም ጣዕምም የለውምና ቀጂው አያውቀውም። ከእሳተ ገሞራ ዐለት እየሟሟ ይገባል፤ ውሃው ካልሲየም ስለሚያንሰው ደግሞ ሳይዘቅጥ እዚያው ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ የልጆች ጥርስ በልዞ ይበቅላል፤ መጠኑ በጣም ከፍ ያለውን ለዓመታት የጠጣ ሰው ወገቡ ይጎብጣል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ማፍላት ያብሳል እንጂ አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ ይጠናል።

ፍሎራይዱን በአጥንት ከሰል፣ ማለትም ከከሰለ የእንስሳት አጥንት በተሠራ ማጣሪያ፣ ማጣራት ይሠራል። የሚሰብረን ከሰሉ በያዘው ፍሎራይድ ሞልቶ ሌላ መያዝ ሲያቅተውም ውሃው መውረዱን አለማቆሙ ነው። በሊትር 8 ሚሊግራም ፍሎራይድ ያለበትን ውሃ ወደ 1 ለማውረድ ከየሊትሩ 7 ሚሊግራም መያዝ አለበት፤ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለሚያጣራ ቤተሰብ 140 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ ግራም ከሰል 1 ሚሊግራም ይይዛል ብንል፣ 10 ኪሎ የያዘ የቤት ማጣሪያ በ71 ቀን ይሞላል። ከዚያ በኋላም እናትየው ያንኑ የጠራ ውሃ ትቀዳለች፤ የምታስተውለው ለውጥ የለም።

ማጣሪያው የሚተከለው በካፒታል በጀት ነው። ከሰሉን መለወጥ ግን ለውሃ ኮሚቴው ይተዋል፤ ኮሚቴው ደግሞ ከቦኖ በሚሰበስበው ገንዘብ የፓምፑንና የጥበቃውን ወጪ ከቻለ ትልቅ ነገር ነው።

ከሰሉን ማምረትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። አጥንቱ አየር በተቆጠበበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ይከስላል፤ ሙቀቱ ካነሰ ውሃው ይሸታል፣ ከበዛ የመያዝ አቅሙ ይወድቃል። «የማን እርድ አጥንት ነው?» የሚለውንም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለሚጠይቅ፣ ከተከላው በፊት ከሕዝቡ ጋር መነጋገር ግድ ነው።

ልኬቱም ያሳስበናል። በመስክ የተለመደው ስፓድንስ የተባለው የቀለም ዘዴ የሚያነበው በሊትር እስከ 2 ሚሊግራም ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ናሙና በዲስቲልድ ውሃ ካልቀጠነ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ፍሎራይዱን ለመቀነስ በአሉምና በኖራ በታከመ ውሃ ደግሞ የተረፈው አሉሚኒየም ንባቡን ዝቅ ስለሚያደርገው፣ ያልጠራው ጠራ ተብሎ ይመዘገባል። እንዲህ ያለው ውሃ በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ፣ ማለትም በቀለም ሳይሆን በኤሌክትሪክ በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካ።

ስለዚህ የፍሎራይድ ውጤቱ ያልቀረበ ጉድጓድ ርክክብ እንዳይፈጸምበት፣ «ንጹሕ ውሃ ያገኘ ሕዝብ» በሚለው ሪፖርትም እንዳይቆጠር መመሪያ ይውጣ። የከሰል መለወጫ ወጪ በየወረዳው መደበኛ በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ ይኑረው። ናሙና በየወሩ ከማጣሪያው መውጫ ይወሰድ፤ ከጉድጓዱ አፍ የተወሰደው ስለ ማጣሪያው ምንም አይናገርም። የሚጣራውም የሚጠጣውና የሚበሰልበት ውሃ ብቻ ይሁን፤ ለልብስና ለከብት የሚሆነው በሌላ ቧንቧ ቢወርድ ከሰሉ ብዙ ጊዜ ይቆያል።

ከአክብሮት ጋር፤
በመጠጥ ውሃ ጥራት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች