ሦስቱም «ማየት» አይደሉም

ልጄ፣

እሑድ ወደ አክስትሽ ቤት ስትመለሺ የእንግሊዝኛ ደብተርሽን አልጋው ላይ ረስተሽው ሄድሽ። ማታ ከፈትኩት። «ሲ»፣ «ሉክ»፣ «ዋች» ብለሽ በመደዳ ጽፈሻል። ከሦስቱም ፊት ለፊት «ማየት»፣ «ማየት»፣ «ማየት»። ከሥር ደግሞ አራት መልስ በቀይ ተሰርዟል። ልፋትሽ ታየኝና ሆዴ ባባ። ለዚህ ነው ይህን ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት።

ያሳሳተሽ ያ አንድ «ማየት» ነው። ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አንድ የአማርኛ ቃል መለጠፍ ይቅርብሽ። ይልቅ ቃሉ የሚባልበትን ሁኔታ ጻፊ።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ጠዋት መስኮት ስከፍት የረር ተራራ ይታየኛል። ፈልጌው አይደለም፤ ራሱ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ይህ «ሲ» ነው። ጫፉ ላይ ደመና አለ ወይ ብዬ ዓይኔን ወደዚያ ስልክ «ሉክ» ይሆናል። ዓይን የተላከበትን ነገር ለመጥራት ደግሞ «አት»ን ያስከትላል። ልብስ አስጥቼ ከሆነ ግን ደመናው ወደ እኛ እየመጣ እንደሆነ እየተመላለስኩ እከታተላለሁ። የሚንቀሳቀስ፣ የሚለወጥ ነገር ነውና «ዋች» ነው። ምድጃ ላይ ወተት ጥጄ «እይልኝ» የምልሽም ይኸው ነው። እንዳይገነፍል ጠብቂው ማለቴ ነው። አየሽ፣ አማርኛችንም ታየኝ፣ ተመለከትኩ፣ ተከታተልኩ ብሎ ለይቶታል።

«ሂር» እና «ሊስን»ም እንደዚያው ናቸው። የጎረቤት ሙዚቃ ሳትፈልጊው ጆሮሽ ሲገባ «ሂር»፣ እኔ «ስሚኝ!» ስልሽ «ሊስን»።

እኔን ዋጋ ያስከፈለኝ «ቦሮው» እና «ሌንድ» ነው። ነግሬሽ አላውቅም። አንቺ ሳትወለጂ ቃሊቲ አንድ ፋብሪካ መጋዘን እሠራ ነበር። የውኃ ፓምፓችን ተበላሸና ከጎረቤት ድርጅት ተዋስን። ለውጭ አገር ሰው ኃላፊያችን ማስታወሻ ስጽፍ «ሌንድ» አልኩ። እኛ አዋስናቸው ሆነ! ኃላፊው ፓምፑን ግቢያችን ሲያይ «አውሰናቸው መለሱልን» ብሎ ተረዳ። ባለቤቶቹ ሊወስዱ ሲመጡ ጥበቃው አላስወጣም አለ። ሁለት ቀን ጭቅጭቅ ሆነ። ዕቃውን ልደብቅ የሞከርኩ መስሎ የሌብነት ስም ሊወጣልኝ ምንም አልቀረው። ሳለቅስ ነው ያደርኩት።

እጅሽ ከገባ «ቦሮው»፣ ከእጅሽ ከወጣ «ሌንድ»። እኛ ይህን በአንዲት ፊደል እንለያለን፤ ተዋስኩ፣ አዋስኩ። እኛ የምንለየውን ደግሞ እንግሊዝኛ አይለይም። ወንፊት እንዋሳለን፣ ብር እንበደራለን። ወንፊቱ ራሱ ይመለሳል፤ ብሩ ግን በሌላ ብር ነው የሚመለሰው። ለእነሱ ሁለቱም «ቦሮው» ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በቋንቋችን ደስ ይለኛል።

ለምን ይህን ያህል ተቀራራቢ ቃል እንዳላቸው ጠይቀሽኝ ነበር። አንዱ ምክንያት ታሪካቸው ነው። በፈረንጆቹ 1066 ኖርማኖች ከፈረንሳይ ተሻግረው እንግሊዝን ያዙ። የእነሱ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ የሕዝቡ እንግሊዝኛም አልጠፋም። ስለዚህ ለመጀመር «ቢጊን»ም «ኮሜንስ»ም አላቸው። ሁለተኛው ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ለጓደኛ መልእክት ይከብዳል። እኛስ ለአያትሽ «አረፉ» አልን እንጂ መች «ሞቱ» አልን?

ከ9ኛ ክፍል ወዲህ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነገሩ ፊዚክስሽንም ይነካል። «ማስ» እና «ዌይት» ገበያ ላይ ሁለቱም ክብደት ናቸው። በፊዚክስ ግን «ማስ» የዕቃው የራሱ መጠን ነው፤ «ዌይት» ደግሞ መሬት ወይም ጨረቃ ዕቃውን የምትስብበት ኃይል ነው። የ5 ኪሎ ጤፍ «ማስ» ጨረቃ ላይም 5 ኪሎ ግራም ነው። «ዌይቱ» እዚህ በኃይል መለኪያው በኒውተን 49 ያህል ሲሆን፣ እዚያ ወደ ስድስተኛ እጁ ይወርዳል። «ስፒድ» እና «ቬሎሲቲ»ንም «ፍጥነት» ብለሽ አትለፊያቸው። ቬሎሲቲ አቅጣጫም አለው።

ደብተሩን ነገ በአጎትሽ ልጅ እጅ እልከዋለሁ። ሦስቱን «ማየት» በእርሳስ ሰርዤ ቦታውን ባዶ ትቼልሻለሁ። በራስሽ ምሳሌ ሙዪው። ቅዳሜ ስትመጪ ለአክስትሽ ያዋስኳትን ወንፊት ይዘሽልኝ ነይ።

እናትሽ