የአይሲቲ ክበባችን ዓመት እና ያቺ ፓስወርድ የምትጠይቅ ሳጥን

ዘንድሮ ክበቡ ምን ሰራ ለምትሉ፣ መስከረም ላይ ኮምፒውተሮቹን ከአቧራ አጽድተናል፣ ለ9ኛ ክፍሎች ታይፒንግ አስተምረናል፣ ለሚኒ ሚዲያም ፖስተር ሰርተናል። ልባችንን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው፣ ዋይፋይ ላይ ብቅ እያለች ፓስወርድ አስገቡ የምትለው ሳጥን።

አይሲቲ ሩማችን ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ኡቡንቱ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም) ናቸው፣ አንዱን ኮምፒውተር ጠዋት የ9ኛ ልጅ ከሰዓት ደሞ የ11ኛ ልጅ ይሰራበታል፣ ጠዋት ዋይፋይ የነበረው ከሰዓት ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ልጁ አያውቀውም፣ በድሬ የ8 ሰዓት ፀሐይ ግቢውን አቋርጦ ላይብረሪ ይሮጣል፣ እስኪመለስ ክፍለ ጊዜው አልቋል። ሲሰለቻቸው አንዱ ሰሌዳ ጥግ ላይ ጻፈው፣ ከዛ የግቢው ስልክ ሁሉ ገባበትና ኔቱ ተጨናነቀ፣ ፓስወርዱ ተቀየረ፣ ሩጫው እንደገና ተጀመረ።

ህዳር ላይ ነው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ዋይፋይ አይልም፣ ኪሪንግ ነው የሚለው» ያለችኝ። ሁላችንም ሳናነብ ነበር የዋይፋዩን ፓስወርድ የምንጽፈው! ኪሪንግ ማለት የአንድ ተጠቃሚ ምስጢሮች የሚቆለፉበት ሳጥን ነው፣ የሚከፈተው በዛው ሰው የመግቢያ ፓስወርድ ነው፣ ኮምፒውተሩ ያለ ፓስወርድ በራሱ እንዲገባ ከተደረገ ግን ቁልፉን የሰጠው ስለሌለ እንደተቆለፈ ይቀራል፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ ደሞ እዛ ውስጥ ከሆነ ይጠይቃችኋል። ሌላም አለ፣ ክረምት ላይ እኔ በአድሚን ገብቼ የተማሪዎቹን ፓስወርድ ቀይሬ ነበር፣ አካውንቱ አዲሱን ሲቀበል ኪሪንጉ አሮጌውን ይዞ ቀረ። በዚህ ምክንያት ልጆች ስንት ክፍለ ጊዜ እንደጠፋባቸው ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል።

መፍትሄው ላይ ብዙ ተከራከርን። አንዱ ልጅ «አቦ ቲቸር፣ የኪሪንጉን ፓስወርድ ባዶ እናድርገውና እንገላገል» አለ፣ ይሰራል፣ ግን ብሮውዘር ላይ ሴቭ ያደረጋችሁት ፓስወርድ ሁሉ ጥበቃው ይላላል፣ በጋራ ኮምፒውተር ላይ ደሞ ይሄን አልፈቅድም አልኩ። ስለዚህ በራሱ መግባቱን አጠፋን፣ የተማሪ አካውንቶችን ተራ ተጠቃሚ አደረግን፣ ከዛ የኔትወርክ ኮኔክሽን ማስተካከያው ውስጥ ሴኩሪቲ የሚለው ጋ ገብተን፣ የፓስወርዱ ሳጥን ዳር ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ነክተን ለሁሉም ተጠቃሚ አስቀምጥ የሚለውን መረጥን። ያን ጊዜ ፓስወርዱ ከሰውየው ኪሪንግ ይወጣና ኔትወርኩን የሚያያይዘው ፕሮግራም፣ ኔትወርክ ማናጀር፣ ራሱ ጋ ይቀመጣል፣ ፋይሉን ሩት (የኮምፒውተሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) ብቻ ነው የሚያነበው፣ ማንም ተማሪ ቢገባ ዋይፋዩ ይያያዛል፣ ልጁም ፓስወርዱን ማወቅ አያስፈልገውም። ተቆልፈው የቀሩትን አሮጌ ኪሪንጎች ደሞ ሰረዝናቸው፣ ሲሰረዝ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ቀድመን ለእያንዳንዱ ልጅ ነግረን ነው ታዲያ፣ በሚቀጥለው መግቢያ አዲስ ይፈጠራል።

ሁሉም ተስተካከለ ስንል ብረት ቁምሳጥኑ ጀርባ ያለው ኮምፒውተር አሁንም ይጠይቃል። ፓስወርዱ ትክክል ነው፣ ሶስት ሰው አይቶታል። ሁለት ሳምንት ለፋንበት፣ በመጨረሻ አንዱ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ሲጎትተው ዝም አለ! ሲግናሉ ሲደክም ከራውተሩ ጋ የሚደረገው የማረጋገጫ ልውውጥ ይቋረጣል፣ ኮምፒውተሩ ደሞ ፓስወርዱ የተሳሳተ ይመስለዋል። እኔ ይሄን ከልጆቹ ጋር ነው የተማርኩት፣ የዓመቱ ምርጥ ቀኔም ያ ነው።

ሳጥኗ ምን እንደምትል አንብቡ፣ ኪሪንግ ከሆነ የራሳችሁን መግቢያ፣ አድሚን ከጠየቀ ለክበቡ ንገሩ የሚል ወረቀት ልጆቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ጽፈው በሩ ላይ ለጥፈዋል፣ ሶማልኛውን የጻፉት ሁለት የ9ኛ ልጆች ኪሪንግ የሚለውን ቃል ለታናናሾቻቸው እንዴት እንደሚያስረዱ አንድ ሙሉ ከሰዓት ተጨቃጭቀውበታል። ህዳር ላይ ሳጥኗን ያነበበችልን ልጅ ለሚቀጥለው ዓመት የክበቡ ሰብሳቢ ሆና ተመርጣለች፣ ስብሰባው እንደተለመደው ሐሙስ ከሰዓት ነው፣ መስከረም ላይ የአድሚኑን ፓስወርድ ከእሷ ጋር ሆነን እንቀይራለን።