ከቅዳሜው ጉዞ በፊት ለልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለቤዛ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷ ትንሽ ያዝ ያደርጋታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ተማሪዎችሽን ይዘሽ ቅዳሜ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ እንደምትመጪ ስትነግሪን ቤቱ በደስታ ሞልቶ ነበር። ሰኞ ማታ ግን የአክስትሽ ልጅ አንድ ቪዲዮ በቴሌግራም ላከችልን። በፋሲካ ከጓደኞችሽ ጋር ሐይቁ ዳር የተቀረጻችሁት ነው። አንቺ ሙዙን በጥርስሽ ይዘሻል፣ ጦጣዋ ከአፍሽ ትወስዳለች፣ ዙሪያሽን ያጨበጭባሉ። እናትሽ ሳቀች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። 40 ልጆች አንቺ የምታደርጊውን እያዩ ነው የሚያደርጉት። በስልክ ከምቆጣሽ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

እጅሽን ሰብስቢ፣ ልጄ። ለእንስሳ ምግብ አትስጪ፣ ልጆቹም አይስጡ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ጦጣ ከእጅ መቀበል ከለመደች ሰው ባየች ቁጥር እጁን ታያለች። የፌስታል ድምፅ ትለያለች፣ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ከዛፍ ትወርዳለች፣ ካልተሰጣት ትነጥቃለች። መንጋው ደግሞ የራሱ የበላይና የበታች አለው። አንድ ሙዝ መሬት ሲወድቅ የሚወስደው ጉልበተኛው ነው፤ ደካማዋና ልጅ ያዘለችው ይነከሳሉ። ልጆቹ «ለትንሿ ነው የሰጠሁት» ይላሉ፣ ትንሿ ግን አትበላውም። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ሕፃን ይነከሳል፤ ሰዉም «እነዚህ ጦጣዎች ከፍተዋል» ብሎ ድንጋይና መርዝ ያነሳል። ያለመዳት ሰው ቤቱ ገብቷል፣ የምትመታው እሷ ናት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው።

ከአፍ ወደ አፍ መቀበሉ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። በሽታው በሁለቱም በኩል ይሄዳል። ከንፈራችን ላይ የሚወጣው ምች፣ ኩፍኝ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ተራ ጉንፋን ሳይቀር ከሰው ወደ ጦጣና ዝንጀሮ ይተላለፋል። ስለዚህ የተነከሰ ብስኩት መወርወር በሽታ መወርወር ነው። በቀደም በስልክ ስናወራ ስታስይ ሰማሁሽ። ዝንጅብል በማር አፍልተሽ ጠጪ። ቅዳሜ ሳሉ ካልለቀቀሽ ከዛፎቹ ራቅ ብለሽ ቁሚ፤ የሚያስል ተማሪም ካለ ከአንቺ ጋር ይቁም።

እነሱ ዘንድ ጥርስ ማሳየት ሳቅ አይደለም። ዓይን ዓይኗን ትኩር ብሎ ማየትም ጠብ መፈለግ ነው። ልጆች ግን የሚያደርጉት ሁለቱንም ነው፤ እየሳቁ ትኩር ብለው ያያሉ፣ ከዚያ ለፎቶ ፊታቸውን ያስጠጋሉ። ንክሻው ፊት ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው። ይህን አውቶቡስ ውስጥ ሳላችሁ ንገሪያቸው። ከወረዱ በኋላ የሚሰማሽ የለም።

ጉሬዛ ደግሞ ሌላ ነው። ጦጣ ብዙ ነገር ትበላለች፤ ጉሬዛ በዋናነት ቅጠል በል ነው፣ ጨጓራውም እንደ ከብት ብዙ ክፍል አለው። ቅጠሉን የሚያብላሉለት እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። ዳቦ፣ ብስኩት ወይም ጣፋጭ ነገር ሲገባ በፍጥነት ይቦካል፣ አሲዱ ይጨምራል፣ ሆዱ ይነፋል። አያትሽ ቤት እህል ውስጥ የገባችው ላም ምን እንደሆነች ታስታውሻለሽ፤ ጉሬዛውንም የሚያገኘው እሱ ነው። ላሟን የእንስሳት ሐኪም ደርሶላታል፣ ጉሬዛው ግን ታሞ ከዛፍ ላይ ማን ያወርደዋል? «ሙዝ እንኳ ፍራፍሬ አይደል?» እንዳትይኝ። በእንግሊዝ አገር ዴቨን ውስጥ የሚገኘው የፔይንተን መካነ እንስሳት ለጦጣዎቹ ሙዝ መስጠት ማቆሙን በ2014 (እ.ኤ.አ.) ተናግሯል። ለሰው የሚመረተው ሙዝ ስኳሩ በዝቶ ጥርሳቸውን ያበላሻል፣ ለስኳር በሽታም ያጋልጣቸዋል ብለው ነው። ይህን የሚሉት ምግቡን እየመዘኑ የሚሰጡት ባለሙያዎች ናቸው።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ስትደርሱ ልጆቹ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ አባ ኮዳዎቹ፣ ወደ እነዚያ ትልልቅ ወፎች ነው። ሰው እጁ ላይ ዓሣ ይዞ፣ ከፍ አድርጎ፣ ወፉን እያስዘለለ ፎቶ ይነሳል። አባ ኮዳ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ከሦስተኛ ክፍል ልጅ ይበልጣል ማለት ነው። ያ ረጅምና ጠንካራ መንቁር ከሕፃን ዓይን ጋር ትክክል ነው። ወፉ ክፉ አይደለም፣ ዓሣውን ሲመኝ ግን ዓይንና ዓሣ አይለይም። ቢያንስ አምስት ትልልቅ እርምጃ ይራቁ። ሌላው ጉዳት ፌስታል ነው። የዓሣ ሽታ ያለበትን ፌስታል ከነዓሣው ይውጠዋል፤ ሆዱ ውስጥ አይፈጭም፣ መተላለፊያውን ይዘጋል። ለፎቶ ሲባል መንጋውን እየሮጡ ማስነሳትም ነውር ነው፤ እስከ 9 ኪሎ የሚመዝን ወፍ መነሳት ብዙ ጉልበት ይፈጅበታል። ይልቅ እግሩ ለምን ነጭ እንደሚመስል ጠይቂያቸው። ሙቀት ሲበዛበት ኩሱን በእግሩ ላይ ይለቅበታል፣ ፈሳሹ ሲተን ያቀዘቅዘዋል። በዚያ ላይ ይሳቁ፣ ይበቃቸዋል።

ባለፈው አዲስ አበባ አንበሳ ልታሳዪ ወስደሻቸው «ተኝቶ አገኘነው፣ ልጆቹ ጮኸው ጮኸው አልነቃም» ያልሽኝን አልረሳሁትም። አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ያርፋል። ተኝቶ ማየት ማለት አንበሳ ማየት ማለት ነው። ከፍሎ የገባ ሰው እንስሳው የሆነ ነገር እንዲያሳየው ይፈልጋል፤ ካላሳየው ይጮኻል፣ መስታወት ይደበድባል፣ ጠጠር ይወረውራል። መጨረሻውን ልንገርሽ። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ቻይና ፉዡ ከተማ ጎብኚዎች ካንጋሮ እንድትዘልላቸው ብለው ድንጋይ ወረወሩ፤ የ12 ዓመቷ ካንጋሮ ሞተች። ከዚያ በፊት በ2017 ቱኒዝ ከተማ ቤልቬዴር መካነ እንስሳት ውስጥ አንድ አዞ በጎብኚዎች ድንጋይ ተወግሮ ሞቷል። አዞ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቆየቱ ተፈጥሮው ነው። ያንን ነው «ይነሳ እንደሆን እንየው» ያሉት።

ክፋት ባይኖርም ግን ያው ነው፤ የታይላንዷን ኤሊ የምነግርሽ ለዚህ ነው። ሲ ራቻ በምትባል ከተማ በገንዳ ውስጥ የምትኖር አረንጓዴ የባሕር ኤሊ ነበረች፣ ኦምሲን ይሏታል፣ ዕድሜዋ 25 ገደማ። እዚያ አገር ኤሊ የረጅም ዕድሜ ምልክት ስለሆነች ሰዉ ዕድል ለማግኘት ሳንቲም ይወረውርላታል። አንዱ ወላጅ ለልጁ ጤና፣ አንዷ ተማሪ ለፈተናዋ። ማንም ሊጎዳት አላሰበም። ኤሊዋ ግን ታች የወደቀውን ትለቅማለች። ክብደቱ የሆዷን ቅርፊት ሰነጠቀው፣ መዋኘትም አቃታት። በመጋቢት 2017 (እ.ኤ.አ.) ባንኮክ በሚገኘው የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና አድርገው 915 ሳንቲሞች አወጡ። ወደ 5 ኪሎ ይመዝናል። ሳንቲሞቹ ሆዷ ውስጥ ሟሙተው የደሟ የኒኬል መጠን ከልክ በላይ ሆኖ ነበር። ሰዉ ተረፈች ብሎ ደስ አለው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ግን፣ ሳንቲሙ በወጣበት ባዶ ቦታ አንጀቷ ተጣሞ ደም መዘዋወር አቆመ፣ ደሟም ተመረዘ፣ ሞተች። አንድ ሳንቲም የወረወረ ሰው ሁሉ «እኔ አንድ ብቻ ነው» ሊል ይችላል፣ እውነቱንም ነው። አንቺም ሙዝሽ አንድ ብቻ ነበር፣ ቤዛዬ። ግን ሐይቁ ዳር በበዓል ቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ። እጅሽን ሰብስቢ።

ጀልባ ከያዛችሁ ሁሉም ተንሳፋፊ ጃኬት ይልበስ፤ ለልጅ ቁመት የሚሆን ከሌለ አትሳፈሩ። ነጂውን «ወደ ጉማሬው ጠጋ በልልን» አትበይው፣ እሱ ቢጠጋም ተቆጪው። ልጆቹ ያቺን ሙ ዴንግ የተባለች የታይላንድ ድንክ ጉማሬ ግልገል በቲክቶክ ያውቋታል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) እሷን ለማንቃት ሰዉ ውኃና ዛጎል ስለወረወረባት ቅዳሜና እሁድ ለአንድ ጎብኚ አምስት ደቂቃ ብቻ እንዲፈቀድ ሆነ። የእኛዎቹ ጉማሬዎች አጥር የላቸውም፤ ቢቆጡ የሚገለብጡት ጀልባውን ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልብ ብለሽ አንብቢ። ምግባቸውን ከመግባታችሁ በፊት አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዘግተው ይብሉ። ከዚያ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ከረሜላ፣ ማስቲካ ሁሉ በአንድ ሳጥን ተሰብስቦ መኪናው ውስጥ ይቆለፍ። ኪስ ይፈተሽ፣ ተማሪ የሚደብቀው እዚያ ነው። ፌስታል ይዘው አይውረዱ። ለቆሻሻ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ያዢ። ልጆቹን አሥር አሥር አድርገሽ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ትልቅ ሰው መድቢ፤ ትልቁ ሰው ከኋላ ይሁን፣ ከኋላ የቀረው ልጅ ነው የሚነጠቀው። ጦጣ ዕቃ ከያዘች ልጁ ይልቀቅላት፤ ኮፍያ በሌላ ኮፍያ ይተካል። አይጩኹ፣ አይሩጡ፣ ጀርባ ሳይሰጡ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይበሉ። ካሜራ ፍላሹ ይጥፋ። ሌላ ጎብኚ ምግብ ሲሰጥ ካየሽ ልጆቹን ወዲያው ከዚያ አውጪ፣ ሰውየውን በትሕትና ተናገሪው፣ ካልሰማሽ አትጨቃጨቂ፣ ጥበቃውን ጥሪ።

ሳሙናና ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ይያዝ። እግዚአብሔር አያድርገውና ልጅ ከተነከሰ ወይም ቆዳው ከተቧጨረ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ። በሰዓት ያዢው፣ ሰው ሁለት ደቂቃ አጥቦ አሥር የሆነ ይመስለዋል። በርበሬ፣ አመድ፣ የቅጠል ጭማቂ አይነካው፣ ጥብቅ ብሎም አይታሰር። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባትና ስለ ቴታነስ ሐኪሙ ይወስን። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ስለሆነ አዳማ ከተመለሳችሁ በኋላ እንዳይቋረጥ ለወላጆቹ በጽሑፍ ስጪ። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በዚህ ቀልድ የለም፣ ቤዛ።

ብዙ ተናገርኩሽ። ከተቀጠርሽ ጀምሮ አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ስታስተምሪ አላየሁሽም፣ እሱ ይቆጨኛል። ቅዳሜ በሩቁ ቆሜ ልጆቹን ስትመሪ ካየሁሽ ለእኔ በቂ ነው፣ አላስቸግርሽም።

ሻሸመኔ ስትደርሱ ደውይ፣ መግቢያው ላይ እጠብቃችኋለሁ። ሾፌሩ አውቶቡሱን ዛፍ ሥር እንዳያቆም ንገሪው፤ ጥላ ፍለጋ ያቆማል፣ ጦጣዎቹም በመስኮት ይገባሉ። እናትሽ ቆሮሶ ዓሣ ጠብሳ ትጠብቅሻለች፣ ልጆቹን ከሸኘሽ በኋላ እቤት እደሪ።

የሚወድሽ አባትሽ
ከሐዋሳ