አርጅተናል ላልከኝ

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ቤተሰቡስ? ስንት ጊዜ ሆነን ሳንጻጻፍ! ዝምታው የሁለታችንም ነውና ተወቃቅሰን ጊዜ አንፍጅ። መልእክትህን እየሳቅኩ ነበር የማነበው፤ «የሰው ስም እየጠፋብኝ ነው፣ ጭንቅላቴ አልቆለታል» የምትለው ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። ሃምሳን ተሻገርኩ ብለህ ነው እንዲህ ተስፋ የቆረጥከው?

ሰው ሁሉ የሚያወራው አንጎል እስከ ሃያ ምናምን ዓመት አድጎ ከዚያ ቁልቁል ይወርዳል እያለ ነው። እኔ ግን ይሄ ወሬ አይዋጥልኝም። በመጠን ከሆነማ የ6 ዓመት ልጅ አንጎል ከአዋቂው ወደ 90 በመቶ ደርሷል፣ ግን የ6 ዓመት ልጅ ያው የ6 ዓመት ልጅ ነው። ዋናው ነገር የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚገናኙበት መንገድ ነው። ሕፃን ከኛ እጅግ የበዙ መገናኛዎች አሉት። እያደገ ሲሄድ የሚሠራባቸው ይጠነክራሉ፣ የማይሠራባቸው እየተቆረጡ ይወገዳሉ። ፒተር ሁተንሎከር የሚባል የሕፃናት ነርቭ ሐኪም በማይክሮስኮፕ እየቆጠረ ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ስለዚህ ገና ልጅ ሆነን፣ ጎበዝ እየሆንን በነበርንበት ጊዜ፣ አንጎላችን ውስጥ ብዙ ነገር ይቀነስ ነበር። መቀነስ ሁሉ መድከም አይደለም።

መጨረሻ ላይ የሚበስለው ከግንባር ጀርባ ያለው፣ ራስን መግዛትና ነገ ምን ይመጣል ብሎ ማሰብ የሚያስችለን ክፍል ነው። እስከ ሃያዎቹ አጋማሽና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስሜት ደግሞ ቀድሞ ይደርሳል። ያማረርክበት የ17 ዓመት ልጅህ በር እያላጋ የሚወጣው ንቆህ ብቻ አይደለም ማለት ነው (ትንሽ ንቀትም ይኖርበት ይሆናል፣ እሱን አንተ ታውቃለህ)።

እ.ኤ.አ. በ2025 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሕፃን እስከ 90 ዓመት አዛውንት የወደ 4,000 ሰው የኤምአርአይ ምስል መርምረው፣ የአንጎል ግንኙነት አደረጃጀት አቅጣጫ የሚቀይረው በ9፣ በ32፣ በ66 እና በ83 ዓመት አካባቢ ነው ብለው ጻፉ። «ጉርምስና እስከ 32 ነው» ተብሎ የተናፈሰው ከዚህ ተነስቶ ነው፤ እነሱ ግን የ30 ዓመት ሰው ጎረምሳ ነው አላሉም። ቁጥሮቹም አማካይ ስለሆኑ እንደ ልደት ቀን አትጠብቃቸው። እኔን ደስ ያለኝ ከ32 እስከ 66 ያለው ነው። ከሁሉም ረጅሙና የተረጋጋው ዘመን እሱ ነው፣ አንተም መሃሉ ላይ ነህ።

አዎ፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ አልዋሽህም። ያ ግን የሚጀምረው ገና በወጣትነት ነው። የቃላት እውቀት በበኩሉ እስከ ስልሳዎቹ ሊጨምር ይችላል። የስም ነገር ደግሞ ለብቻው ነው፤ ሰውየውን ታውቀዋለህ፣ ሥራውን ታውቃለህ፣ የት እንደተዋወቃችሁ ታውቃለህ፣ ስሙ ግን ከነዚህ ከአንዱም ጋር ስላልተያያዘ ምላስህ ላይ ደርሶ ይቀራል። ከሰዓታት በኋላ ከመጣልህ ብዙም አትጨነቅ። የለመድከው መንገድ ከጠፋህ፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግመህ መጠየቅህን ሰው ከነገረህ፣ ወይ የሂሳብ ሥራህ ካምታታህ ግን ሳትውል ሳታድር ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ከስሙ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ በጨዋታ መሃል ጣል ያደረግከው ነገር ነው፦ ቴሌቪዥኑን በጣም ታስጮኻለህ እያሉ ቤት ውስጥ የሚጣሉህ። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነሱን መቆጣጠር ቢቻል ከመርሳት በሽታ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። የመስማት ችግር አንዱ ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ ብቸኝነት፣ አለመንቀሳቀስም አሉበት። ጆሮህን አስመርመር፣ መሣሪያ አድርግ ካሉህም አድርግ፤ መነጽር ስታደርግ ማን አፈረ?

እግርህንም አትርሳው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት አንድ ዓመት ሙሉ አዘውትረው በእግራቸው የሄዱ አረጋውያን፣ ለማስታወስ ዋና የሆነው የአንጎላቸው ክፍል በመጠን 2 በመቶ ያህል ጨምሮ ተገኝቷል፤ ሰውነታቸውን እያሳሳቡ ብቻ የቆዩት ግን ቀንሶባቸዋል።

ለመሆኑ ግፊትህን ከተለካህ ስንት ጊዜ ሆነህ? ስንት እንደሆነ ጻፍልኝ። ጎረምሳውንም ሰላም በልልኝ።